የልጄ አማት ካልሲ

ልጄ ከካናዳ ደውላ «እማዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» ስትለኝ ልቤ ቀድሞኝ አውሮፕላን ተሳፈረ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ በኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። እኔም እሷን የወለድኩት ባሌን ለብቻው ጥዬ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እናቴ ዘንድ ገብቼ ነው። ክርስትናዋ እስኪደርስ ድረስ ከእናቴ እጅ በልቼ፣ ከእናቴ እጅ ጠጥቼ ነው የተነሳሁት። ልጄ ከዚያ ሩቅ አገር ወደ እኔ መምጣት ካልቻለች እኔ ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ ሌላ ሦስተኛ መንገድ ያለ አልመሰለኝም።

«አስቸግሪኝ እንጂ፣ አንቺ ካላስቸገርሽኝ ማን ሊያስቸግረኝ ነው?» አልኳትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ለእማማ ለበረራው የሚሆን፣ ያን እግር የሚያጠብቀውን ካልሲ ትመርጪላቸዋለሽ? አንቺ እሱን ነገር ታውቂያለሽ።»

እማማ የምትላቸው የባሏን እናት ነው። የጉዞው ወሬ ለእኔ የደረሰኝ እንዲህ ነው፤ በካልሲ በኩል።

ከዚያ ነገሩን ታስረዳኝ ጀመር። የእማማ ቪዛ ወጥቷል። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ሁለት እናት በአንድ ጊዜ አይችልም። «ደግሞም የአንቺ እግር…» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ተወችው። ክፍል ውስጥ ቢሆን አስጨርሳት ነበር።

ያናደደኝ እግሬን ሰበብ ማድረጓ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የደም ሥሮቼ ባቴ ላይ ተጠላልፈው ቀርተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ግራ ባቴ ድንገት አበጠ፣ ቀላ፣ ጋለ፤ ደም ረግቷል ተባልኩ። ታከምኩ፣ ዳንኩ። ከዚያ ወዲህ የሚያጠብቀውን ካልሲ ሳላደርግ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሐኪሜን ስለ አውሮፕላን ጠይቄው ነበር። «ከመሄድሽ በፊት ብቅ ብለሽ ታዪ፣ ካልሲሽን አድርጊ፣ በየጊዜው ተነስተሽ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ፤ ከዚያ ውጪ አትከለከዪም» ብሎኛል። ይህንንም ለልጄ ሁለቴ ነግሬያታለሁ። ሰምታኛለች።

«እሺ፣ እመርጥላቸዋለሁ» አልኳት። ድምፄ እንኳ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

ስልኩ ሲዘጋ ግን ደሜ ፈላ። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ተባለብኝ፤ ጎመኑ እኔ ሆንኩ። ገንፎውን ማን ያገነፋላታል? እሳቸው። ሕፃኑን ማን ያጥባል? እሳቸው። ምጥ ሲይዛት እጇን ማን ይይዛል? እዚህ ላይ ሐሳቤ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻልኩም። ቀናሁ። በሕይወቴ በሰው ልብስም፣ በሰው ባልም፣ በሰው ደመወዝም ቀንቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን ቀንቼ አላውቅም።

የልጄ አማት የሚኖሩት አብነት ነው፤ እኔ ካለሁበት ከልደታ ኮንዶሚኒየም በእግር ይደረሳል። ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው ሲውሉ ሠፈርተኛው ሰላም ሳይላቸው አያልፍም። በዕድሜ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ምክር ሲጠየቁ «እንጃ፣ እኔ ምን አውቄ» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። ይህም አንዱ ጥፋታቸው ነበር። በአፌ እርስዎ እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ከዚያ ስልክ ወዲህ «ይቺ ሴትዮ» ሆኑ።

ስደውልላቸው ደስታቸው ከስልኩ ውጭ ይፈስ ነበር። «እኔ እኮ ደብረ ዘይትን አልፌ የማላውቅ ሰው ነኝ» አሉኝ። ከዚያም «የግንቦት ልደታ ዕለት ታቦቷን አንግሠን፣ እግረ መንገዳችንን ብንገዛውስ?» አሉ።

የሚያጠብቅ ካልሲ ልክ የሚወሰደው ጠዋት ነው፤ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ሳያብጥ። ከሰዓት በኋላ የተለካ እግር የሌላ ሰው እግር ማለት ነው። ይህን የእኔን እግር የለካችው ነርስ ነግራኛለች፤ እኔም በተራዬ ለስንቱ ጎረቤት አስተምሬዋለሁ። በዓመቱ ንግሥ ከንጋት ጀምሮ በባዶ እግሩ ቆሞ የዋለ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው እግር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ደግሞ ነርስ መሆን አያስፈልግም። «ሌላ ቀን በማለዳ ይሁን» ማለት ነበረብኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት የሕንፃችን ሴቶች አላስቀምጥ አሉኝ። ልብስ ላሰጣ ግቢ ስወርድ አንዷ «ልጅሽ ልትደርስ ነው አይደል? በረራሽ መቼ ነው?» ትለኛለች። ደረጃ ላይ ሌላዋ «በርበሬውን ከአሁኑ አስፈጪው፣ ኋላ ጥድፊያ ይሆናል» ትለኛለች። አራት ፎቅ በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር አንድ መልካም ምኞት ይጠብቀኛል። ለሁሉም «እግሬ ነው እኮ፣ ረጅም በረራ አይሆንልኝም» አልኩ። ልጄ የሰጠችኝን ሰበብ እኔው ራሴ አንስቼ ለበስኩት። እነሱም «እውነትሽን ነው፣ ጤና ይቀድማል» ሲሉኝ ይበልጥ ተቃጠልኩ።

የልደታ ዕለት አማቷን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ታቦቷ ወጥታ እስክትገባ ድረስ አንዴ እንኳ አልተቀመጡም። ሰው ይጋፋል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ስለ ልጄ እየጸለዩ እንደሆነ አወቅኩ፤ ስሟን ሰምቻለሁ። በጸሎታቸውም ቀናሁ። ልጅ የእኔ፣ ምጧም የእኔ ጭንቀት፤ እሳቸው በየት በኩል ገብተው ነው ከማርያም ጋር የሚነጋገሩት?

ሁሉ ነገር ሲያበቃ ጫማቸውን ሊያጠልቁ ቢሉ እምቢ አላቸው። እግራቸው እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሏል። የጫማውን ተረከዝ ረግጠው፣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተቱት ተከተሉኝ። እኔ በካልሲዬ ውስጥ ደህና ነበርኩ።

ሰንጋ ተራ ከአንድ ሕንፃ ሥር ወዳለች የሕክምና ዕቃ መሸጫ ገባን። ሻጯ ወጣት ሴት ናት፤ ካልሲዎቹን ከነሣጥናቸው መስታወቱ ላይ ደረደረችልን። በመምረጡ በኩል ማንም አያማኝም፤ በትክክል መረጥኩ። ጭን ድረስ የሚደርሰውን አስወገድኩ፤ ብዙ ሲቀመጡበት ይጠቀለላል፣ የተጠቀለለው ደግሞ እግር ያንቃል። ለጉዞ እስከ ጉልበት ሥር ይበቃል። ጣቱ ክፍት የሆነውንም ተውኩት፤ ካናዳ ብርድ ነው። ጥብቀቱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ቀላሉን አልኩ፣ ጠንከር ያለው ሐኪም ሲያዝ ነውና። «ስኳር አለብዎት? እግርዎን ያደነዝዝዎታል?» ብዬም ጠየቅኳቸው። የለባቸውም፤ ጤና ጣቢያም ታይተው ችግር የለም ተብለዋል። 

ሻጯ የሥጋ መልክ ያለውን ስታወጣላቸው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። እንደ ሕፃን ድድ ቀላ ያለ ነገር ነው።

«ይሄ የማን ሥጋ ነው?» አሉ።

ሻጯ ሳቀች። የእኔም ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ዋጥኩት፤ ያን ዕለት በእሳቸው ቀልድ መሳቅ አልፈለግኩም። ጥቁሩ ተመረጠ።

የቀረው ልኩ ነበር። ሻጯ ሜትሯን ከመሳቢያ ስትፈልግ እሳቸው ከቦርሳቸው የራሳቸውን መዘዙ። ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን ለኩ፣ የባታቸውን ወፍራም ቦታ ለኩ። ከዚያ እንደ ዕድሜ ልክ ልማዳቸው ሁለት ጣታቸውን ከሜትሩ ሥር አስገብተው ላላ አደረጉት።

«ለመተንፈሻ» አሉ።

ለቀሚስ ልክ ናቸው። ቀሚስ መተንፈሻ ካልተተወለት ጎኑ ላይ ይቀደዳል። ይህ ካልሲ ግን ሥራው መያዝ ነው፤ ካልያዘ ተራ የእግር ሹራብ ነው። ባበጠ እግር ላይ ሁለት ጣት ሲጨመርበት ቁጥሩ ከሰንጠረዡ ትልቁ ልክ ላይ ወደቀ። ሻጯ ሣጥኑን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«እናት፣ እርስዎ ያውቁታል ብለውኛል፤ ትልቁ ይሁን?»

ሁለቱም አዩኝ። አፌ ውስጥ ሙሉ ትምህርት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ስህተት አይቶ አልፎ የማያውቅ አፍ ያን ዕለት ተዘጋ። አንገቴን አዙሬ በመስታወቱ በር መንገዱን አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ነቀዘ። ሻጯ እሺታ መሰላትና ትልቁን ጠቀለለችው።

«ለአንቺም አንድ ልግዛልሽ» አሉኝ ቦርሳቸውን ሳይዘጉ።

«አለኝ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ልጄ ማርገዟን በነገረችኝ ሳምንት የገዛሁት፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ ጥብቀቱ ቀላል የሆነ ጥቁር ካልሲ ቁምሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ለመንገድ ብዬ ነው የገዛሁት። ለማንም አልነገርኩም።

ስንለያይ ጉንጬን ስመው «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አሉኝና ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ታክሲው ሄዱ።

እውነቱን ልናገር። እንዲሞቱ አልተመኘሁም። እግራቸው እንዲያብጥ ግን ተመኝቻለሁ። ካናዳ ሲደርሱ ጫማ እምቢ ብሏቸው፣ ሶፋ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ተቀምጠው፣ ልጄም «ምነው እማዬን ባመጣኋት ኖሮ» ስትል በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። ይህን እያየሁ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ደስታው ግን እህል የሚያስበላ ዓይነት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የራሴን ካልሲ ሳጠልቅ እጄ ግራ ባቴ ላይ አረፈ። ያ ትኩሳት ትዝ አለኝ። ያኔ ሐኪሙ «የረጋው ደም ወደ ሳንባሽ ሄዶ ቢሆን ኖሮ…» ማለቱ ትዝ አለኝ። እኔ ይህን የማውቅ ሰው ነኝ ለሌላ ሰው የተመኘሁት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ፤ ሴትዮዋ እዚያ ቢታመሙ ማነው የሚያስታምማቸው? ልጄ ናት። ሆዷን ይዛ፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተንከራተተች። ስለዚህ ወደ ጽድቅ የተመለስኩት በጥሩ ልብ አልነበረም፤ እዚያም ውስጥ ያሰብኩት ለራሴ ልጅ ነው። ቢሆንም ተነሳሁ። በረራቸው በማግስቱ ነበር። ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቁምሳጥኑን ከፈትኩ፣ ሣጥኑን አየሁት፣ ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት፤ እሱንም ይዤ ወጣሁ።

አብነት ስደርስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። የግቢውን በር ተከራያቸው ከፈተችልኝ። የቤታቸውን በር ገና ሳንኳኳ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እንዳይነሱ! ከአልጋዎ እንዳይወርዱ!» ብዬ ጮህኩ።

ስገባ ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ምነው? ልጆቹ ደህና አይደሉም?»

«ደህና ናቸው። እግርዎን ልለካ ነው።»

እንደዚያን ቀን ሞኝ መስዬ አላውቅም። አልጋው ሥር ተንበረከክኩና ለካሁ፤ ሁለት ጣት ሳልጨምር። የጠዋት እግራቸው ቀጭን ነው፤ ቁርጭምጭሚቱም ባቱም ከእኔ ጋር አንድ ልክ። ይህም አናደደኝ።

«የገዛነውን እኮ ሞክሬዋለሁ። እንዴት ይመቻል መሰለሽ! ምንም አይዝም» አሉኝ።

«ችግሩ እሱ ነው። መያዝ አለበት። ልኩ ተሳስቷል፤ የዚያን ዕለት እግርዎ አብጦ ነበር፣ እርስዎም ሁለት ጣት ጨመሩበት። አይቻለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ቀንተሽ ነው?»

«አዎ።»

«እኔም ብሆን እቀናለሁ» አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጡኝ እኔም እቆጣ ነበር፤ ቁጣ አያቅተኝም።

የተከፈተ ዕቃ እንደማይመለስ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሣጥኑን አወጣሁ። ተቀብለውኝ አገላበጡት፤ ማሸጊያው እንዳለ መሆኑን አዩ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ጫፉ በቆይታ መላቀቁን አዩ። ሰው ልብስ አስፍቶ ሳይለብሰው ሲቀር የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ሳልነግራቸው ገባቸው።

«ይሄ እኮ የአንቺ መንገድ ነው» አሉኝ።

«አሁን የእርስዎ ነው። እግርዎን ያምጡ።»

ማታ ቫዝሊን ተቀብተው ነበር፤ በፎጣ አደረቅኩላቸው። ጥፍሬ ጨርቁን እንዳይተረትረው ከጓዳቸው የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አምጥቼ አጠለቅኩ። ካልሲውን እስከ ተረከዙ ገልብጬ ጣቶቻቸውን አስገባሁ፣ ተረከዙን ከተረከዛቸው ጋር አገጣጠምኩ፣ ከዚያ ትንሽ በትንሹ ወደ ላይ አወጣሁት። ከላይ ይዞ መጎተት አይሆንም። «ውይ፣ ያዘኝ» አሉ። «ይያዝዎት» አልኳቸው። ግራውን ጨርሼ ቀኙን ስጀምር ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«ልጅቷ የፈራችው የአንቺን እግር አይደለም። አንቺን ነው።»

እጄ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቆመ። «እኔን?»

«"እማዬ ከመጣች ልጁን አያያዜን ሁሉ ታርመኛለች፤ በገዛ ቤቴ ፈተና ላይ እቀመጣለሁ" አለችኝ። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ትወድሻለች እኮ፣ እሱን አትጠራጠሪ። እኔማ ከልብስ ሌላ ምን አውቄ ነው የማርማት? ስለማላርማት ነው የጠራችኝ።»

ልጄ ይህን ቃል ለእሳቸው ተናገረች፤ ለእሳቸው አለቀሰች። ከመንገዱ ይልቅ በዚያ እንባ ቀናሁ። «ውሸት ነው» ልል አፌን ስከፍት አንድ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እኔ ክረምቱን ለሥልጠና ክፍለ ሀገር ወጥቼ ነበር። «ውድ እማዬ፣ ናፈቅሽኝ» ብላ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችልኝ። ስመለስ ደብዳቤውን መልሼ ሰጠኋት፤ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ። ነጥብም ሰጥቼበታለሁ፤ ከአሥር ስምንት። በዕድሜዋ ጥሩ ነጥብ ነው ብዬ አሞግሻታለሁ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጽፋልኝ አታውቅም። ይህን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከቁርጭምጭሚታቸው በስተኋላ ጨርቁ ተጨማዶ ነበር። የተጨማደደ ቦታ ሥጋ ያቆስላል። በመዳፌ እስኪለሰልስ ድረስ አስተካከልኩትና እስከ ጉልበታቸው ሥር አደረስኩት። ዓይኔ ሞልቶ ስለነበር ቀና አላልኩም። እሳቸውም እንዳላዩ ሆነው ግድግዳ ግድግዳውን አዩ።

ከዚያ በኋላ ራሳቸው ሦስት ጊዜ አውልቀው እንዲያጠልቁ አደረግኳቸው። በመጀመሪያው ተረከዙ እግራቸው ጀርባ ላይ ወጣ፤ በሁለተኛው ግማሽ ላይ ደክሟቸው አልጋው ላይ ተዘረጉ፤ ሳቅን። በሦስተኛው ተሳካላቸው። ጠዋት ማጥለቅ፣ ሲተኙ ማውለቅ የሚለውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ቦርሳቸው ውስጥ አደረግኩላቸው። ይህን ያህል ማስተማር እንኳ አይከለከልም።

በማግስቱ ሄዱ። ሲደርሱ ልጄ ደውላ «የእማማ እግር ምንም አላበጠም፤ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ነው ከአውሮፕላን የወረዱት» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከፋኝም። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጄ ወንድ ልጅ ተገላገለች። «ማርያም ማረቻት!» ብለው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ እጇን ይዘው ያደሩትም እሳቸው ናቸው። እልል አልኩ፤ የሕንፃው ሴቶች በሬ ላይ ተሰበሰቡ። ሁሉም ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ከልቤ አለቀስኩ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ሕፃኑን ልታጠባ እየታገለች ነበር። ጡቷ ቆስሏል፣ ፊቷ ገርጥቷል። ጀርባዋን አጉብጣ ጡቷን ወደ ሕፃኑ አፍ ታስጠጋለች፤ እሱ ጫፉን ብቻ ይይዝና ይለቀዋል፣ ያለቅሳል፤ እሷም ታለቅሳለች። ስህተቱ ገና ምስሉ እንደመጣ ነው የታየኝ። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ከክንድሽ ሥር ትራስ አድርጊ። ጡትሽን ወደ ልጁ ሳይሆን ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ምላሴን ነከስኩ፤ የምሬን ነው፣ በጥርሴ ያዝኩት። ሕፃኑ ሲያለቅስ የእኔም ጡት የሞቀ መሰለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

የልጄ አማት ትራስ ይዘው ከጎኗ ብቅ አሉ።

«ወደ እሱ ከምትጎነበሺ እሱን ወደ አንቺ ብታመጪውስ? ቀና በይና ይሄንን ከክንድሽ ሥር እናድርገው» አሏት።

ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮቼ በእሳቸው አፍ ወጡ። ልጄ አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም። እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ወደ ስልኩ ዞረች።

«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ሳትጠይቀኝ ስመልሰው የኖርኩት ጥያቄ ነው። አሁን ጠየቀችኝ። «እኔም ይህንኑ ልልሽ ነበር» ማለት አማረኝ፤ ያቺን ብቻ፣ ከእሳቸው ቀድሜ ማወቄ እንዲታወቅልኝ።

«እማማ እንዳሉሽ አድርጊ» አልኳት።

ትራሱን ያስገቡላት እሳቸው ናቸው፤ የሕፃኑን ራስ ደግፈው ያስጠጉላትም እሳቸው ናቸው። ሕፃኑ ያዘ። ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ሲውጥ ይሰማኝ ነበር።